ሊዬምባ ትታደስ፤ የምትጠጋበት ዳርቻ ግን ይቅደም

እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ የታንዛኒያ መንግሥት ሊዬምባ የተባለችውን የታንጋኒካ ሐይቅ የመንገደኞች መርከብ ለማሳደስ ብሮዶስፕሊት ከሚባለው የክሮኤሺያ መርከብ ሠሪና ከአገር ውስጥ አጋሩ ጋር ውል ተፈራረመ። ወጪው ከ30 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሽልንግ በላይ ነው። መርከቧ ያኔ ሥራ ካቆመች ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ዜናውን የሰማ የታሪክ ወዳጅ ተደሰተ፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው እስከ ዘመናችን ሕዝብ ሲያመላልሱ የኖሩ መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በነዚሁ ዓመታት በሐይቁ ዳርቻ ሌላ ሥራም ይካሄድ ነበር፤ የወደቦችና የመርከብ መጠጊያዎች እድሳትና ግንባታ። ይህኛው ሥራ የመርከቧን ያህል አልተወራለትም። ሲሚንቶና ብረት፣ የዕቃ መጋዘንና የኮንክሪት መድረክ ስለሆነ ፎቶው አይማርክም። የእኔ እምነት ግን የሊዬምባ ተጓዦች ዕጣ የሚወሰነው ከመርከቧ ሞተር ይልቅ በዚህ ሥራ ነው የሚል ነው። አንድ መንገደኛ በሐይቅ ጉዞ ላይ ለሕይወቱ የሚሰጋበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ መሐል ውሃ ላይ ያለበት ሰዓት አይደለም፤ ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። ይህን ለመረዳት መርከቧን ከነታሪኳ፣ ዳርቻውንም ከነባለቤቶቹ ማየት ያስፈልጋል።

ሊዬምባ በ1913 በሰሜን ጀርመን ፓፐንቡርግ ከተማ በሚገኘው የማየር መርከብ ፋብሪካ ተሠራች። የመጀመሪያ ስሟ ጎትዘን ነበር፤ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዢ በነበረው በግራፍ ፎን ጎትዘን ስም ነው የተሰየመችው። እሱ ከ1901 እስከ 1906 ሲገዛ ነበር የማጂ ማጂ አመፅ የፈነዳው፤ አመፁን ለማፈን እህልና መንደር ተቃጥሎ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። የመርከቧ ዓላማም ከዚሁ የገዢነት ዓላማ የተለየ አልነበረም፤ በሐይቁ ማዶ ያለችውን የቤልጅግ ኮንጎን እያዩ ውሃውን በእጅ ለማድረግ የታሰበች ነበረች። ፋብሪካው መርከቧን ገጥሞ ካየ በኋላ መልሶ ፈታታት፤ 5,000 በሚያህሉ ሣጥኖች ተጭና በባሕር ዳሬሰላም ደረሰች። ከዚያ በ1914 መጀመሪያ ኪጎማ በደረሰው፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የባቡር መንገድ ወደ ሐይቁ ተወሰደች። ከፋብሪካው የተላኩ ሦስት ጀርመናውያን ባለሙያዎችና ስማቸው በታሪክ ያልተመዘገበ ብዙ አፍሪካውያን ሠራተኞች ቁራጭ በቁራጭ እየገጣጠሙ በየካቲት 1915 ውሃ ላይ አወረዷት። ርዝመቷ ከ71 ሜትር በላይ ነው፤ ያኔ በሐይቁ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም።

በጦርነት ያገለገለችው ግን ብዙም አይደለም። በሐምሌ 1916 የቤልጅግ ጦር ወደ ኪጎማ ሲቃረብ ጀርመኖቹ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው አሰጠሟት። እነዚያው የገጣጠሟት ሦስት ሰዎች ሞተሮቿን በወፍራም ቅባት ለቅልቀው፣ አንድ ቀን ተመልሳ እንድትነሣ ተጠንቅቀው ነበር ከማላጋራሲ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ወደ ውሃው ሥር የለቀቋት። ከጦርነቱ በኋላ ቤልጅጎች አውጥተው ወደ ኪጎማ ጎተቷት፤ እዚያው መልሳ ሰጠመች። በ1924 እንግሊዞች ጨርሰው አወጧት። ሲከፍቷት ሞተርና ቦይለሯ አሁንም የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ። በ1927 የአካባቢው ሰው ሐይቁን ይጠራበት በነበረው ጥንታዊ ስም ሊዬምባ ተብላ ሥራ ጀመረች። ሲ. ኤስ. ፎረስተር በ1935 ላሳተመው፣ በኋላም ታዋቂ ፊልም ለወጣለት የአፍሪካ ንግሥት ልቦለድ መነሻ የሆነው በዚሁ ሐይቅ ላይ የተደረገው የመርከቦች ጦርነት ነው።

የውጭ ጋዜጠኞች ስለ ሊዬምባ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ። የጀርመን መርከብ፣ የሰጠመች መርከብ፣ የፊልም መርከብ። ለእኔ ትልቁ ታሪኳ የሚጀምረው ግን ከ1927 በኋላ ነው። ከኪጎማ ተነሥታ እስከ ዛምቢያው ምፑሉንጉ ወደብ ድረስ፣ መኪና በማይገባባቸው መንደሮች እየቆመች፣ ለትውልዶች ብቸኛዋ መጓጓዣ ሆና አገለገለች። በደህናው ዘመኗ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከኪጎማ ትነሣና ዓርብ ምፑሉንጉ ትገባ ነበር። እስከ 600 ሰው ትጭን ነበር። ደረቅ ዓሣ፣ በቆሎ፣ ካሳቫ፣ አናናስና የፓልም ዘይት የያዙ ነጋዴ ሴቶች፣ ወደ ኪጎማ ሆስፒታል የሚሄዱ ሕመምተኞች፣ ተማሪዎችና ወታደሮች ሁሉ በእሷ ይጓዙ ነበር። በ1970ዎቹ የእንፋሎት ሞተሯ ወጥቶ ናፍጣ ገባላት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዴንማርክ እርዳታ እንደገና ታደሰች። የቀፎዋ ብረት ግን ያው የ1913ቱ ነው።

አሁን ወደ ዳርቻው እንምጣ። የታንጋኒካ ሐይቅ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱም ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነ በዓለም ላይ ከባይካል ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ዳርቻው በብዙ ቦታ ገደል ነው፤ የማሃሌ ተራሮች በቀጥታ ውሃ ውስጥ የሚገቡ ይመስላሉ። ሊዬምባ ከምትቆምባቸው ስፍራዎች ለረጅም ዘመን መጠጊያ የነበራቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በቀሩት መንደሮች መርከቧ ከዳሩ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ ከመንደሩም የእንጨት ጀልባዎች እየተሽቀዳደሙ ይመጣሉ። የታችኛው ወለል የጎን በሮች ይከፈታሉ። ከጀልባ ወደ መርከብ የሚወጣውና ከመርከብ ወደ ጀልባ የሚወርደው በአንድ በር፣ በአንድ ጊዜ ይጋፋል። ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዶሮና ጆንያ በላዩ ላይ ይወረወራል። እርጉዝና ሽማግሌ በክንዳቸው ተይዘው ይሳባሉ። ጉዞው ሌሊትም ስለማይቋረጥ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሆነው በባትሪ መብራት ነው።

ጎብኚዎች ይህን ትርምስ በአድናቆት ሲገልጹት ቆይተዋል፤ የጉዞው ውበት አድርገው የጻፉም አሉ። ይህን አልቀበልም። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በሚናወጥ ጀልባ ጠርዝ ላይ ቆማ የብረት በር የምትይዘው ሌላ አማራጭ ስለሌላት ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ አሠራር ሰው መቁጠርን ያስቀራል። በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ላይ ከደረሱት አደጋዎች በስተጀርባ በተደጋጋሚ የሚገኘው ከልክ በላይ መጫን ነው። በ1996 ቡኮባ የተባለችው መርከብ በቪክቶሪያ ሐይቅ ስትሰጥም ከ800 በላይ ሰው አለቀ። በመስከረም 2018 ኔሬሬ የተባለችው ጀልባ በዚያው በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ኡካራ ደሴት አጠገብ ተገለበጠች። እንድትይዝ የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር፤ የሞቱት ብቻ 228 ናቸው። የኔሬሬን አደጋ ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የደረሰው ማዕበል ባለበት በሐይቁ መሐል አይደለም። መድረሻዋ በዓይን እየታየ፣ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲቀራት ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው መንገደኞቹ ለመውረድ ወደ አንድ ወገን ሲንቀሳቀሱ ሚዛኗን ሳተች። በጥቅምት 2024 በኪቩ ሐይቅ ጎማ ከተማ ኪቱኩ በሚባለው ወደብ ፊት ለፊትም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ ከልክ በላይ የጫነች ጀልባ ልትጠጋ ስትል ተገልብጣ ከ70 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተዘገበ።

እነዚህ አደጋዎች የሚመረመሩት እንደ መርከብ ጉዳይ ነው። ካፒቴኑ ይጠየቃል፣ ሞተሩ ይመረመራል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው ከልክ በላይ የሚጫነው መርከቧ ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን ሲወጣ ስለሆነ፣ ጭነትን መከልከል የሚቻለውም በመሳፈሪያው ብቻ ነው። አጥር ያለው፣ አንድ መግቢያ ያለው፣ ትኬት የሚታይበትና ስም የሚጻፍበት መሳፈሪያ በሌለበት፣ ካፒቴን ቢምልም ስንት ሰው እንደጫነ አያውቅም። ሊዬምባ በ2020ዎቹ ሞተር ታድሳ በ1930ዎቹ የማሳፈሪያ ሥርዓት ወደ ሥራ ብትመለስ፣ መንግሥት ያሳደሰው የአደጋውን መሣሪያ ነው።

ስለ ዳርቻው ከካጉንጋ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ካጉንጋ በብሩንዲ ድንበር አጠገብ ያለች የሐይቅ ዳር መንደር ናት፤ ጀርባዋ ተራራ፣ ፊቷ ውሃ ነው። በሚያዝያ 2015 በብሩንዲ የፖለቲካ ቀውስ ሲነሣ ስደተኞች ወደዚያች ጠባብ ዳር ጎረፉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥራቸው 50,000 ደረሰ ተባለ። ንጹሕ ውሃም መጸዳጃም ስላልነበረ ኮሌራ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ያለው መንገድ ወይ ቀጥ ያለውን ተራራ በእግር መውጣት ወይ በውሃ መሄድ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የደረሰላቸው በሊዬምባ ነው። መርከቧ በአንድ ጊዜ 600 ሰው እየጫነች ወደ ኪጎማ ስትመላለስ ሰነበተች። በ1997ም ከ75,000 በላይ የኮንጎ ስደተኞችን ወደ አገራቸው የመለሰችው እሷ ነበረች። እንግዲህ የመቶ ዓመት አሮጊት ብረት የዘመኑ ድርጅቶች ሊያደርጉት ያልቻሉትን አደረገች፤ ይህን አለማድነቅ አይቻልም።

ነገር ግን በካጉንጋ ሥራውን ያጓተተው የመርከቧ ፍጥነት አልነበረም። መጠጊያ ስላልነበረ የተዳከመ ሰው፣ ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ መጀመሪያ በትናንሽ ጀልባ ተጭኖ ወደ መርከቧ መወሰድ ነበረበት። መርከቧ ወዲያው ጭና መሄድ ስትችል ቆማ ትጠብቅ ነበር። በዚያ ወቅት ካጉንጋ ላይ አንድ መካከለኛ መድረክ ቢኖር ኖሮ በቀን የሚወጣው ሰው ቁጥር በብዙ ይጨምር እንደነበር ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ የታንዛኒያ ወደቦች ባለሥልጣን ካጉንጋ ላይ መጠጊያ ሠራ። ሕዝብ ካለቀሰ በኋላም ቢሆን መሠራቱ ትክክል ነው። ላጎሳ፣ ሲብዌሳ፣ ካብዌ፣ ኪፒሊና ካሳንጋ የተባሉትም ስፍራዎች በየጊዜው መጠጊያ አግኝተዋል። በደቡብ ደግሞ ካሬማ ላይ ከ47 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ የፈጀ ወደብ በ2022 ተጠናቀቀ።

እዚህ ላይ የገንዘቡን አቅጣጫ ማየት ይገባል። ካሬማ የተሠራው ማዶ ወዳለችው የኮንጎዋ ካሌሚ ዕቃ ለማሻገር ነው። የኪጎማ ወደብም ከመነሻው የዕቃ ወደብ ነበር። በ1921 ስምምነት ቤልጅግ ለኮንጎና ለሩዋንዳ-ኡሩንዲ ጭነት በኪጎማም በዳሬሰላምም የራሷን ስፍራ ይዛ ነበር። የኪጎማ የመጠጊያ አቀማመጥና የባቡር ሐዲዱ አጠማመም እስካሁን ያንን ዓላማ ይመሰክራል። አሁን ደግሞ ከዳሬሰላም የሚመጣው አዲሱ ሰፊ የባቡር መስመር ወደ ኪጎማና ወደ ብሩንዲ እንዲቀጥል ውል ተፈርሟል። ሲሚንቶ፣ ነዳጅና ማዕድን በብዛት ሊመጣ ነው። የጃፓን መንግሥት በዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅቱ በጃይካ በኩል ለኪጎማ ወደብ እድሳት እርዳታ መድቧል፤ በዕቅዱ ውስጥ የመንገደኞች ማስተናገጃውም ይገኛል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ወደብ የሚኖረው በቀረጥና በማራገፊያ ክፍያ ነው፤ ክፍያው ደግሞ የሚመጣው ከኮንቴይነር እንጂ ዓሣ ከምትሸጥ ሴት አይደለም። በጀት ሲጣበብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የመንገደኛው ጥላ፣ ውሃና መብራት እንደሚሆን ያለፈው ልምድ በየአገሩ ያሳያል።

ሌላው እንቅፋት የባለቤትነቱ መከፋፈል ነው። መርከቧ የመንግሥት የመርከብ አገልግሎት ኩባንያ ናት። መጠጊያው የወደቦች ባለሥልጣን ነው። ከ2018 ወዲህ ደኅንነቱን የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ከዳር ወደ መርከብ የሚያሻግሩት ጀልባዎች የግለሰቦች ናቸው። ወደ መጠጊያው የሚወስደው መንገድ የወረዳው ነው። መንገደኛዋ በአንድ ጉዞ እነዚህን ሁሉ ታቋርጣለች፤ እሷን ከቤቷ እስከ መድረሻዋ አንድ ሆኖ የሚያያት ግን የለም። እድሳቱም እንደዚሁ ተከፋፍሎ ተሰጠ፤ የመርከቧ ውል ለብቻ፣ የወደቡ እርዳታ ለብቻ፣ የመንደሩ መድረክ ለብቻ። የመርከቧ የጎን በር ከፍታና የመንደሩ መድረክ ከፍታ አንድ ላይ ካልተሰላ፣ አዲስ መድረክ ተሠርቶም ሰው እንደ ድሮው ሲንጠላጠል ይገኛል።

የከፍታው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ሐይቁ ራሱ በአንድ ቦታ አይረጋም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኮንጎ የሚያፈስሰው የሉኩጋ ወንዝ መውጫ በደለልና በእጽዋት ተዘግቶ ሐይቁ ሞልቶ ነበር፤ በ1870ዎቹ መጨረሻ መውጫው ሲከፈት ውሃው በቀጣዮቹ ዓመታት በ10 ሜትር ገደማ ወረደ። ሊቪንግስተንና ስታንሊ በ1871 የተገናኙባት ኡጂጂ ያኔ የሐይቅ ዳር ገበያ ነበረች፤ የመታሰቢያው ቦታ ዛሬ ከውሃው ርቆ ይገኛል። በተቃራኒው ከ2019 ወዲህ በጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁ ከፍ ብሎ የቡጁምቡራን፣ የካሌሚንና የኪጎማን ወደቦች ክፍል አጥለቀለቀ። በ2018 ውሃ ልክ ላይ የተሠራ መድረክ በ2021 ውሃ ሥር ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ሐይቅ ተስማሚ የሚሆነው በአንድ ከፍታ ላይ የተገነባ የኮንክሪት ግንብ ብቻውን አይደለም። ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ፣ ከዳሩም ጋር በተንቀሳቃሽ መሸጋገሪያ የሚያያዝ ቢሆን ይሻላል፤ ኮንክሪት የግድ ከሆነም በተለያየ ከፍታ የተሠሩ ሰፋፊ ደረጃዎች ያስፈልጉታል። በደረቁ ወራት ከደቡብ የሚነሣው ነፋስ በዚህ ረጅም ሐይቅ ላይ ሲጋልብ ወደ ሰሜን ሲደርስ ትልቅ ማዕበል ይሆናል፤ ተንሳፋፊ መድረክ በዚያ እንዳይሰበር ከነፋሱ የሚከልል የድንጋይ ግድብ ወይም የተፈጥሮ ገባ ያለ ወሽመጥ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የታወቀ ሙያ ነው። ውድ የሚያደርገው ስፍራዎቹ ብዙ መሆናቸውና መንገድ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ሲሚንቶውና ብረቱ ራሱ በጀልባ ነው የሚደርሰው።

ሆኖም ሁሉም መንደር ትልቅ ወደብ አያስፈልገውም። መርከቧ የምትቆምበት ሁሉ ሊኖረው የሚገባው ጥቂት ነገር ነው፦ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት፣ ዝናብ የማያስገባ መጠለያ፣ ሰው ተሰልፎ ስሙ የሚመዘገብበት አንድ መግቢያ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ። መርከቧ ልትጠጋ በማትችልበት ስፍራ ደግሞ አሻጋሪ ጀልባዎቹ ፈቃድ የተሰጣቸው፣ የሚጭኑት ሰው ቁጥር በጎናቸው የተጻፈ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትም የያዙ ይሁኑ። የጀልባዎቹን ባለቤቶች ገፍቶ ማስወጣት ስሕተት ነው። ለመቶ ዓመት ያለ መንግሥት እርዳታ ሕዝቡን ያሻገሩት እነሱ ናቸው፤ ውሃውንም ነፋሱንም ያውቃሉ። መጠጊያ ሲሠራ ሥራቸው የሚጠፋባቸውን ሰዎች በመልሕቅ አሳሪነት፣ በጭነት ሥራ፣ በሕይወት አድንነት ማቀፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዲሱ መድረክ የመንደሩ ጠላት ሆኖ ይጀምራል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ባቡሩ ኪጎማ ሲደርስ በሐይቁ ላይ የሚያልፈው ጭነት ይጨምራል። ከየቶኑ ከሚሰበሰበው የወደብ ክፍያ ጥቂቷ በሕግ ለመንደር መጠጊያዎች ብትመደብ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት ስፍራ እየተሠራ በአሥር ዓመት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ያልቃሉ። ዕቃው የሚያልፍበት ሐይቅ የነዚያ መንደሮችም ሐይቅ ነው፤ ድርሻ መጠየቃቸው ልመና አይደለም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ለመቶ ዓመት ቀፎ ይህን ያህል ገንዘብ ከማፍሰስ አዲስ መርከብ አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። አሮጌ ብረት ምን ጊዜም ያልታሰበ ወጪ ያመጣል፤ አዲስ መርከብ ነዳጅ ይቆጥባል፤ የአደጋ መከላከያውም ከመጀመሪያው ተስማምቶ ይሠራል። ይህ ክርክር እውነት አለው። ሊዬምባን ሙዚየም እናድርጋት የሚለው ሐሳብም ከዚህ ይነሣል። እኔ ግን በመታደሷ እስማማለሁ፤ ምክንያቴም ናፍቆት አይደለም። ይህች መርከብ የተሠራችው ሕዝብን ለመግዛት ነበር፤ የሐይቁ ሕዝብ ግን የራሱ አደረጋት፤ በስሟ፣ በጭነቷ፣ በስደተኞቹ። እንዲህ ያለ ቅርስ ቆሞ ሲጎበኝ የጀርመኖቹ ታሪክ ብቻ ይቀራል፤ ሲሠራ ግን የታንዛኒያውያንም፣ የብሩንዲና የኮንጎ ሰዎችም ታሪክ ይቀጥላል። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው፦ በገደል ላይ ያማረ ቤት ሠርቶ መወጣጫ ደረጃውን እንደመርሳት እንዳይሆን፣ ሊዬምባ የምትቆምባቸው ስፍራዎች እድሳት የመርከቧ እድሳት አካል ሆኖ በአንድ ዕቅድና በአንድ ተጠያቂ ይመራ። ሁለቱን ማድረግ የማይቻል ከሆነ ግን ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ መጠጊያዎቹ ይቅደሙ። ጥሩ መጠጊያ ላይ ማንኛዋም መርከብ ትቆማለች።

ይህን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። በቅርቡ ጣናነሽ ቁጥር 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በየብስ እየተጎተተች፣ ተራራና ሸለቆ እያቋረጠች ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሕዝባችን በጉጉት ተከታትሏል። ከባሕር መርከብ የማይገባበት ሐይቅ መርከቡን በመሬት ማምጣት ግድ ይሆንበታል፤ የሊዬምባ 5,000 ሣጥኖች ያዩትን መከራ ጣናነሽም በዘመኗ አየችው። ጎርጎራም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተሠርቶላት ዛሬ የጎብኚ መዳረሻ ሆናለች። የጣና መርከብ ግን ለጎብኚ ብቻ አልተፈጠረም፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ባለው መሥመር ደቅ ደሴት፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ ያሉ ሰዎች እህላቸውንና ሕመምተኛቸውን ሲያመላልሱበት የኖሩት ነው።

ጣና ከታንጋኒካ የሚለየው ጥልቀቱ ነው፤ በጥልቁ ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ትንሽ የውሃ መቀነስ መርከብን ከዳር ያርቃታል። በ2003 የሐይቁ ልክ እጅግ ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። በጣና ላይ መርከብ በደኅና ለመንቀሳቀስ ውሃው ከባሕር ወለል 1,784.75 ሜትር በታች መውረድ የለበትም ተብሎ ይሠራበታል። ይህ ልክ ደግሞ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጨራጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ፣ በ2010 ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ይወስኑታል። በታንጋኒካ ውሃውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተፈጥሮ ሲሆን፣ በጣና ግን በከፊል የእኛው ውሳኔ ነው። ኃይል የሚያመነጨው መሥሪያ ቤትና መርከብ የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የመንደሩን መሳፈሪያ ከፍታ አንድ ላይ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል።

ለጣና ኃላፊነት ያለባችሁ ሁሉ፣ የሊዬምባን ታሪክ አንብባችሁ ከመርከቧ ይልቅ ስለ ዳርቻው ጠይቁ። በእያንዳንዱ መሳፈሪያ ስንት ሰው እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ሌሊት መብራት መኖሩን፣ ውሃው ሲጎድል መርከቧ የት እንደምትቆም አሁኑኑ ተመዝግቦ ይታወቅ። በቁንዝላና በደልጊ የሚሳፈረው ገበሬም የጎርጎራ ሪዞርት እንግዳ በሚረግጠው ዓይነት ደኅና መድረክ ላይ እንዲረግጥ በጀቱ ይያዝለት።